ቆራጣው ከጎረሰ ወዲህ

ግንቦት 8 ቀን 1962

ጦሬን ያደነዘዘው ኃይለ መስቀል ነው። ሌላ ማንም አይደለም። የእድራችን ዳኛ ኃይለ መስቀል፣ ያ ደግነቱ ለሰው እንዲታይለት የሚወድ… መጀመሪያ ይኼ ይጻፍ። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል የቆጠርኩት ታዲያ ምን ልጽፍበት ነው?

ሌላው ያው ነው። ጠዋት ጎመኔን ኮተኮትኩ። ጎረቤቴ ዱሬቲ በአጥሩ ላይ ወተት አቀበለችኝ። ፀሐይዋ በርታ ስትል ግድግዳዬን ተደግፌ ተቀመጥኩና ጦሬን ሞረድኩ። ለምን እሞርደዋለሁ? የሚወጋው የለም። እጄ ለምዶ ነው እንጂ።

ወተቱ ጥሩ ነበር።

ግንቦት 9

ትናንት አሳጥሬ ተውኩት። እርሳስ ከጦር ይከብዳል። ዛሬ ልቀጥል።

ጭራቅ አዳኝ ነኝ። ነበርኩ? ነኝ። ጦሩ የአባቴ ነው፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ለእኔ ተወልኝ። ኮልፌ ጫካ በነበረ ጊዜ፣ ከወንዙ እስከ ቀራንዮ ፀሐይ መሬት በማይነካበት ጊዜ፣ እንጨት ለቀማ የወጣች ሴት ሳትመለስ ስትቀር የሚጠሩት እኔን ነበር። በዘነበወርቅ በኩል የነበረውን፣ ያን ትልቁን፣ የገደልኩ እኔ ነኝ። ሜዳሊያው ለአንድ ባለ ጠመንጃ ተሰጠ። ነገሩ ካለቀ በኋላ ደርሶ ሬሳው አጠገብ ቆመና ፎቶ ተነሳ። ሴት ጭራቅ ገደለች ቢባል ማን ያምናል? አሁንማ ጭራሽ ተረት አድርገውታል። ሳወራ ይሳሳቃሉ።

ጫካው አለቀ። ቤት ሆነ፣ አስፋልት መጣ፣ አውቶቡስ መጣ። ጭራቆቹም አለቁ። አንድ ብቻ ቀረ፤ ቆራጣው። ጆሮውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እሱም ከግራ እጄ ሁለት ጣት ወሰደ። በቅሎዬንም በላ፤ ዳማ በቅሎዬን። ሰው ሲበላ አልደረስኩበትም፤ ግን ጭራቅ ጭራቅ ነው። ነገራችን አላለቀም ነበር።

ጥር ላይ ኃይለ መስቀል ልጁን ሰብሌን ዳረ። በቃ፣ እዚህ ላይ ነው የተበላሸው።

ግንቦት 10

ሰርጉ።

ትልቅ ዳስ ተጣለ፤ መንደሩ ሁሉ አለ። እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀምጫለሁ። አዳኝ ለበር ጀርባውን ይሰጣል? ሥጋው ጥሩ ነበር… ረሳሁት። በጋቢ የተሸፋፈነ ትልቅ ሰውዬ መጥቶ ዳር ላይ ቁጭ ይላል። ኃይለ መስቀል ደግሞ ዳሱ ውስጥ ያልጎረሰ እንግዳ ካየ ያመዋል። ጠጅም ጠጥቷል። ቀና ብሎ ፊቱን እንኳ ሳያይ ጠቀለለና በሞቴ ብሎ አጎረሰው። ሰውዬው አፉን ሲከፍት ጋቢው ተንሸራተተ። ዳሱ ፀጥ ሲል ጊዜ ዞር አልኩ… ጆሮው የለም።

ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቢሆንም ልጻፈው። ጭራቅ በዳስ ሥር ከአባወራው እጅ ከጎረሰ ቤተኛ ሆነ ማለት ነው። ያን ቀን በዚያ ዳስ የበላ ሁሉ አብሮት እንደበላ ይቆጠራል። እሱ አይነካቸውም፤ የእነሱም ብረት እሱን አይነካውም። እነሱ በእጃቸው ያጎረሱት ሌላ ሰውም እንደነሱ ይሆናል። ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው።

እኔስ? ቆራጣውን ያየሁት ከዋጥኩ በኋላ ነው።

በማግስቱ ወንዝ ዳር አገኘሁትና ወረወርኩ። ጦሩ ደረቱ ላይ እንደ ደወል ጮኸ። ጫፉ ተጣጠፈ። ቆራጣው አነሳው፣ በጣቱ አቃናው፣ መለሰልኝ። በሁለት እጁ። ጎንበስ ብሎ።

ከዚህ የባሰ ውርደት አለ?

ግንቦት 16

እሁድ ነው፤ ትምህርት ነበረን። ሰብሌ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእድሩ አዳራሽ ሴቶቹን ታስተምረናለች። ሙሽራ ሆናም አልተወችንም። ቤትዎ ምን እየጻፉ ነው እማማ ዋጋነሽ አለችኝ። ስለ ጎመን አልኳት። የጎመን ነገር ይኼን ያህል ይጻፋል? ብላ ሳቀች። ጥሩ ልጅ ናት። አባቷን ፈልጋ አላመጣችው።

ግንቦት 21

ዝናብ ጣል ጣል አደረገ። ጎመኑ ደስ ብሎታል። እኔም።

ግንቦት 27

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እናት ዐረፉ። ለእድሩ ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ታሞ ተኝቷል። ኃይለ መስቀል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቆራጣውን አስጠራ። ቆራጣው ኮረብታው ላይ ወጥቶ ተጣራ። ጦር ኃይሎች ድረስ ተሰማ ይላሉ። ከዚያ የድንኳኑን ብረት ብቻውን ተሸክሞ መጣ። ሰዎቹ ዶማ እስኪያነሱ መቃብሩን ቆፍሮ ጨርሷል። አለቀሰም ደግሞ። ድንኳኑ ጥግ ኩርምት ብሎ፣ የማያውቃቸውን ሴትዮ፣ ከልቡ አለቀሰላቸው።

ልጆቹ ጋሽ ቆራጣው ይሉታል። ጋሽ!

ንፍሮ ሲዞር ዱሬቲ ዘግና ሰጠችው። እጁን ታጥቦ ተቀበለ። እኔ ጋ ሲደርስ እሱ ከበላበት አልበላም ብዬ መለስኩ።

ቤት ስደርስ ራበኝ።

ሰኔ 6

ወንዙ ሞልቶ የእንጨት ድልድዩን ወሰደው። ቆራጣው መሐል ውኃ ገብቶ ሰው ያሻግራል። ውኃው ከወገቡ አያልፍም። ዱሬቲ ከነወተት ቆርቆሮዋ ትከሻው ላይ ተቀምጣ ስትሻገር አየሁ፤ እንደ ንግሥት።

ከማዶ ሆና ተጣራች፤ "እትዬ ዋጋነሽ፣ ይምጡ እንጂ! ትከሻው ይመቻል።"

"በቅሎዬ ሆዱ ውስጥ ናት" አልኳት።

"ታዲያ ምን ችግር አለው? በበቅሎዎ ተሻገሩ ማለት ነው።"

ወንዝ ዳር ያለው ሁሉ ሳቀ። ቆራጣውም ሳይስቅ አልቀረም። እኔ ሳቅሁ? ትንሽ። ፊቴን አዙሬ ነው። ከዚያ በዘነበወርቅ ዞሬ ሄድኩ፤ ስደርስ እግሬ በጭቃ ሁለት እጥፍ ሆኗል።

ሰኔ 13

ጌታ ይመስገን። ብረቱ ያልደነዘዘ ሰው መጣ።

ጉልላት ይባላል። መንግሥት የላከው አዳኝ ነው። ወጣት፣ ጫማው በዚህ ጭቃ የተወለወለ፣ ጠመንጃው በላስቲክ የተጠቀለለ። መጀመሪያ የመጣው እኔ ጋ ነው። በር ላይ ቆሞ፣ "የድሮዋ አዳኝ እርስዎ ነዎት?" አለኝ። የድሮዋ… ይሁን። ግባ አልኩት።

ኮልፌ ውስጥ አንድ ጭራቅ ቀረ መባሉን ሰምተው ነው የላኩት። ሕጉን ያውቃል፤ ከዚህ ሰፈር ሰው እጅ አንድ ጉርሻ ቢውጥ ጠመንጃው እንጨት ነው። ስለዚህ ጦር ኃይሎች ቤርጎ ይዟል፣ እዚያው ይበላል፣ እዚህ ሲውል ዳቦ ቆሎ በኪሱ ይዞ ይመጣል። ብልህ ልጅ።

ሰርጉ ላይ በልተው እንደሆነ ብሎ ጠየቀኝ። አዳኝ እንግዳው ማን እንደሆነ ሳያይ ይበላል? አልኩት። አልበላሁም አላልኩም… እሱ ግን እንደዚያ ገባው። ይግባው። የበላሁ መሆኔን ከዚህ ልጅ ፊት የምናገርበት አፍ የለኝም።

ቆራጣው የጉልላትን መምጣት እንደሰማ ጠፍቷል። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ዱሬቲ ትሆናለች። የት እንደሚገባ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ከወንዙ ሽቅብ፣ አሮጌዎቹ ጥዶች ከቀሩበት፣ ከገደሉ ሥር ዋሻ አለው። ጎርፉ ጎደል ሲል እወስድሃለሁ አልኩት።

በመጨረሻ።

ሰኔ 16

የዚህ ሰፈር ሰው አብዷል። ጉልላትን ሊያጎርሱት ይሯሯጣሉ።

ዱሬቲ ቂጣ በማር ይዛ አጥሬ ሥር ስትጠብቀው አገኘኋት። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እናቴን የቀበረልኝን አስገድላለሁ እንዴ ብሎ ሽሮ ፍትፍት በሣህን ይዞ ዞረ። ልጆች ሳይቀሩ ቆሎ ዘግነው ጋሼ አፍዎን ይክፈቱ ይሉታል። ጉልላት ከንፈሩን ነክሶ ይሄዳል። እኔ ከፊት ከፊቱ ሰው እየገፋሁ… አፍ ጠባቂ ሆንኩ። በዚህ ዕድሜ።

የባሰው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጡት መነኩሲት ናቸው። ጠበል ጻድቅ ነው፣ እንቢ አይባልም ብለው ዳቦውን አፉ ላይ አደረሱት። ልጁ በሐፍረት ቀልጧል፤ እንቢ ማለት አልቻለም፤ አፉን ሊከፍት ነው። መሐል ገብቼ ዳቦውን ከእጃቸው ነጠቅሁና በገዛ እጄ ጎረስኩት።

ዳቦው ጥሩ ነበር። ጥቁር አዝሙድ አለው።

ሰኔ 18

ጉልላት ሊያየኝ ሲመጣ ምግቤን እደብቃለሁ። ምን ላድርግ? ቢያየው፣ እርስዎ አልበሉም አይደል፣ ከእርስዎ ልብላ ይለኛል። ባቀርብለት ከእጄ ይጎርሳል፤ ነገሩ ያበቃል። ብከለክለው ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ድስቱን በጆንያ እሸፍናለሁ።

ዛሬ ገብቶ አየሩን አሸተተ። "ጎመን ይሸታል" አለ።

"ጎረቤት ነው" አልኩት።

ደረቅ ዳቦ ቆሎውን እየቆረጠመ ዝናቡን ያያል። እኔ በጆንያ ሥር ያለውን ድስት አያለሁ። እናቴ ይኼን ብታይ… እንግዳ ሲመጣ ምግብ ሸፍኜ አላውቅም፤ ክፉ ቀን በነበረ ጊዜ እንኳ።

ሁሉም በኃይለ መስቀል ምክንያት ነው።

ሰኔ 21

ራሱ መጣ፤ ኃይለ መስቀል። በርጩማ ሰጠሁት፤ ውኃ እንኳ አላቀረብኩም። ዞር ዞር ብሎ ቤቴን አየ። ጆንያውንም አየ።

"ዋጋነሽ፣ ተይው" አለኝ።

ምኑን አልኩት። ታውቂዋለሽ አለ። ከዚያ የዱሬቲን ነገር አነሳ፤ ቆራጣው ከጠፋ ወዲህ ወተቷን ይዛ በዘነበወርቅ ዞራ ነው የምትሄደው፣ ስትደርስ ይኮመጥጣል፣ ደንበኛዋ ሁሉ ሸሽቷታል። አንድ አዛውንት ሊሻገሩ ሲሉ ውኃው አንስቷቸው በገመድ ነው የተረፉ። ይኼን ሁሉ ተናግሮ ሲጨርስ በቅሎዬስ አልኩት። በቅሎ ልስጥሽ አለ። የኔን ነው የምፈልገው አልኩት።

ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፣ "እኔ ምን አጠፋሁ? ሰው መጥቶ ዳሴ ውስጥ ተቀመጠ። ሳይጎርስ ይሂድ?"

"ፊቱን ማየት ነበረብሃ።"

"እንግዳ ፊቱ እየታየ ነው የሚጎርሰው?"

ተነስቼ በሩን ከፈትኩለት። ሲወጣ ቆቡን በዝናቡ ውስጥ አደረገ፤ አርጅቷል። ግን ተሳስቷል። ፊቱን ማየት ነበረበት።

ሰኔ 22

ያ ጥያቄው ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ጎመን ኮተኮትኩ፤ አልወጣም።

ሰኔ 26

ዝናቡ አባራ። ጉልላትን ከመውሰዴ በፊት መንገዱን ልየው ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። ጦሩን እንደ ከዘራ ይዤ። ገደሉ አንሸራታች ነው፤ እየተቀመጥኩ፣ እየተነሳሁ… ድሮ ይኼን በሩጫ ነበር የምወጣው። ቀትር ላይ ደረስኩ።

ቆራጣው ዋሻው አፍ ላይ ተቀምጦ ከእግሩ ጭቃ ይፍቃል። አልተነሳም።

"መጣሽ" አለ።

"መጣሁ።"

"ሰውዬውስ?"

ነገ ወይም ከነገ ወዲያ አልኩት፣ ውኃው ከጎደለ። ራሱን ነቀነቀ። እዚሁ እቆያለሁ፣ መሸሽ ሰልችቶኛል፣ ጉልበቴን ያመኛል አለ። እኔንም ያመኛል አልኩት። ለምን አልኩት? አፌ ቀደመኝ። ድንጋይ ነበረ፤ ተቀመጥኩ። ለመተንፈስ ያህል ነው።

"አንቺ ብትሆኚ ይሻለኝ ነበር" አለ።

"ኃይለ መስቀል አበላሸው።"

"እሱስ ልክ ነሽ።" ትንሽ አሰበ። "ሥጋው ግን ጥሩ ነበር።"

ጥሩ ነበር አልኩ፤ ውሸት አልናገርም። በቅሎዬን እንዴት በላሃት ብዬ ጠየቅሁት። ጠንካራ ነበረች አለና አፉን ከፍቶ አሳየኝ፤ የፊት ጥርሱ ተሰብሯል። ጎበዝ በቅሎዬ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ወንዙን አየን። ከዚያ ላይ ሆኖ ሰፈሩ ሁሉ ይታያል፤ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ። እዚያ ጋ ምንጭ ነበረ አለ። የዝግባዎቹ ሥር አልኩ። አዎ፣ የዝግባዎቹ። ይኼን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ሁሉም ከቆርቆሮው ጋር ነው የመጡት።

ሳላስበው እንዲህ አለኝ፤ "የዘነበወርቁ ወንድሜ ነበር። በአንድ ውርወራ ነው የጣልሽው። በግራ በኩል፣ ከቋጥኙ ኋላ ወጥተሽ።"

ያን ለት እኔ ብቻ ነበርኩ። ባለ ጠመንጃው የመጣው ካለቀ በኋላ ነው። በስንት ዓመት አንድ ሰው አላመነኝም።

"አይተኸኛል?" አልኩት።

"ዛፍ ላይ ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን አልወረድክም? ብቻዬን ነበርኩ። ጦሬ እሱ ላይ ተተክሏል፤ ባዶ እጄን ነበርኩ።"

ጭቃውን መፋቁን ተወ።

"ፈራሁሽ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባልን አላስታውስም። ቤቴ እንዴት እንደደረስኩም።

ሰኔ 27

ፈራሁሽ አለኝ።

ሰኔ 28

ትምህርት ሄድኩ። ሰብሌ ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ሁሉ አነበብኩ፣ አንዱንም አልሳትኩም። ምን አግኝተው ነው ዛሬ ፊትዎ የበራው? አለችኝ። ዝናቡ ስላባራ ነው አልኳት። እንዳጋጣሚ ውጭ እየዘነበ ነበር።

ጉልላት ነገ በጠዋት እመጣለሁ ብሎ ልኳል።

እሱ ቢገድለው ምን ይሆናል? ፎቶ ይነሳል። ሜዳሊያ ይሰጠዋል። ቆራጣውን ይቀብሩታል፤ መቃብሩን የሚቆፍርለት ግን ማን ነው? የዘነበወርቁንም አብረው ይቀብሩታል። ከግራ መውጣቴን፣ ባዶ እጄን መቆሜን… ማን ሊናገር ነው?

ምን እያልኩ ነው? አርባ ዓመት የፈለግሁት ይኼን አይደለም እንዴ?

ሰኔ 29

ጉልላት ሲመጣ በስብሶ ነው የመጣው፤ ከጫማ እስከ ቆብ። ጎርፍ መንገዱን ስለቆረጠው ከጦር ኃይሎች በእግሩ ዞሮ ነው። ዳቦ ቆሎው ኪሱ ውስጥ ሊጥ ሆኗል። ከትናንት ምሳ ጀምሮ አልበላም። ጠመንጃውን ብቻ አላረጠበም፤ ሥራውን ያውቃል።

እሳቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። እንሂድ አላለም። ወደ ጆንያው አየ፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ እንደ ልጅ፣ "እማማ… አይቀየሙኝ። እርስዎ መቼም ሰርጉ ላይ አልበሉም። የሚቀመስ ነገር አለ?"

አሁን ሳስበው የቆየሁ ይመስለኛል። አልቆየሁም። ጆንያውን ገለጥኩ። ጎመኑ ትኩስ ነበር፣ ቃሪያ ገብቶበታል፤ ጾም ስለሆነ በዘይት ነው የሠራሁት። በቀኝ እጄ ጠቀለልኩ። ትልቅ አድርጌ። ያን ጦር የወረወረ እጅ ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ አፉን ከፈተ። አጎረስኩት። ደገምኩት።

"ይጣፍጣል" አለ አፉ ሞልቶ።

የመጀመሪያውን ውጠኸዋል? አልኩት። ውጫለሁ አለ።

"እንግዲያው ስማ። በዳሱ በልቻለሁ።"

ማላመጡን አቆመ። ዓይኑን ሳየው አዘንኩ፤ ውሸት ለምን ይጻፋል፣ አዘንኩ። ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ። ተከተልኩት። የዋሻውን መንገድ ራሴ አሳየሁት፤ ካላየ አያምንም።

ቆራጣው ተነስቶ ቆመለት። እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። ጉልላት ተኮሰ። ጥይቱ ደረቱን ነክቶ እንደ በረዶ ጠጠር እግሩ ሥር ወደቀ። ደግሞ ተኮሰ። ቆራጣው ጎንበስ ብሎ ለቀመና በመዳፉ ይዞ አቀረበለት።

"ልጄ፣ ወድቆብሃል" አለው።

ጉልላት ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ የተቀመጥኩበት ድንጋይ ላይ። ሲናገር ለእኔ ነው የተናገረው፤ "ለምን? እርስዎ እኮ አዳኝ ነዎት።"

ሜዳሊያው ላንተ ሊሆን ነዋ አልኩት። እውነት ነው። ግን ሙሉው እውነት ነው? ለእሱ ያንን ነገርኩት፤ ይበቃዋል።

ወደ ቤት ስንመለስ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ቆራጣው እሱን በአንድ ትከሻ፣ እኔን በሌላው አድርጎ አሻገረን። በበቅሎዬ ተሻገርኩ። ዱሬቲ ከማዶ ቆማ አየችን። ወተት ቆርቆሮዋን ጣለችው።

ቤት ገብተን ጉልላት የቀረውን ጎመን ጨረሰው። ተናድዶም ይበላል። ወጣት ነው።

ሐምሌ 6

ጾሙ ትናንት ተፈታ። ጉልላት ሄደ። ዱሬቲ ወተት፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ዱቄት፣ መነኩሲቷ ዳቦ ጭነውበት። እኔ ጎመን። እስከ ፌርማታው ሸኘሁት።

አውቶቡሱ ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ "ሌላ ሰው ይልካሉ እኮ" አለኝ።

"ይላኩ" አልኩት። "ጎመን አለኝ።"

መሳቅ አልፈለገም ነበር። ሳቀ።

ሐምሌ 15

በሽታ የለ፣ ነገር የለ። ዝናብ ብቻ። ወተት ጠጣሁ።

ሐምሌ 25

ቆራጣው ዛፍ ቆርጦ አዲስ ድልድይ አጋደመ። ሰው ግን ይሉኝታ የለውም፤ ድልድዩ እያለ ትከሻው ላይ ካልሆነ አልሻገርም የሚል አለ። ዱሬቲ አንደኛዋ ናት።

ነሐሴ 24

እሁድ። ፍልሰታ ተፈትቷል። የእድሩ ስብሰባ ነበር። ዝናብ ስለሆነ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ቆራጣው በበሩ ስለማይገባ በረንዳው ላይ ሆኖ ራሱን ብቻ አስገብቷል። ስብሰባው ሲያልቅ ልጆች ከበቡት፤ ጋሽ ቆራጣው፣ ያንን ጆሮ ማን ቆረጠው? እያሉ።

እዚያች ጋ ያለችው አለና በአገጩ አሳየ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ የዘነበወርቁን አነሳ። ወንድሙ ምን ያህል እንደነበር፣ ዛፉን እንዴት በእጁ እንደሚነቅል።

"በቀኝ በኩል፣ ከቋጥኙ ኋላ ብቅ አለችና…"

"በግራ ነው" አልኩት።

"አንቺው ንገሪያቸዋ እንግዲያው። እኔ ዛፍ ላይ ነበርኩ፤ ከላይ ሲያዩት ይዞራል።"

ነገርኳቸው። ተነስቼ ቆሜ፣ በቀኝ እጄ እያሳየሁ። የሳቀ የለም። ስጨርስ ኃይለ መስቀል ቆቡን አውልቆ ይዞ ነበር። "ዋጋነሽ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት…" አለና ተወው። ሰብሌ ይኼ መጻፍ አለበት እማማ አለችኝ። እየተጻፈ ነው አልኳት። እንግዲያው የጎመን ነገር አይደለም! አለች።

ኃይለ መስቀልን ይቅር ብያለሁ? ገና ነው። ፊቱን ማየት ነበረበት። ግን ምሳ ከእኔ ጋር በላ፤ አጎረስኩት፤ አጎረሰኝ። ፊቱን እያየሁ ነው የጎረስኩት።

ጦሩ ጎመኑ መሐል ተተክሏል፣ ቀይ ጨርቅ አስሬበት። ወፎቹ ይፈሩታል።

የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ከከተማ ሲመለስ ሰማሁ ያለው አለ፤ ሌላ አዳኝ ተሹሟል፣ ከመስቀል በፊት ይመጣል። ይምጣ። መጀመሪያ የሚያንኳኳው የኔን በር ነው። ያን ጆንያ ዛሬ አጥቤ አጥሩ ላይ አሰጣሁት፤ ለድንች ይሆናል። ከእንግዲህ እንግዳ ሲመጣ ድስቴን አልሸፍንም።